ደረጃ አንድ ላይ ያለው ፊት

ሥራዬ ለሰው በቀላሉ ሲገባ አይቼ አላውቅም። "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲሉኝ "ቅርጻ ቅርጽ" እላለሁ፤ ወዲያው እጄን ያዩታል፣ ጭቃ የለበትም። "በኮምፒውተር ነው" ስል ደግሞ "እንዴ፣ ፎቶ ቤት አለሽ?" ይሉኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ላስረዳና ይውጣልኝ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ጭንቅላት ጭቃም ድንጋይም አይደለም፤ መረብ ነው። ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተያይዘው እንደ ቆዳ የተወጠሩበት መረብ። ደረጃ አንድ ላይ አራት ማዕዘኖቹ ትልልቅና ጥቂት ስለሆኑ ጭንቅላቱ የተላጠ ድንች ይመስላል። አንድ ደረጃ ከፍ ሳደርገው እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ለአራት ይከፈላል፣ አሁንም ከፍ ሲል እንደገና ለአራት። ደረጃ ሦስት ላይ አፍንጫና ከንፈር ይለያል። ደረጃ ስድስት ላይ የቅንድብ ጠባሳ፣ የከንፈር ስንጥቅ፣ የዓይን ጥግ ሽብሽብ ይቀረጻል፤ ኮምፒውተሬም ማቃሰት ይጀምራል። ደስ የሚለው ነገር መመላለስ መቻሉ ነው። ላይ ሆኜ አገጩ እንደተጣመመ ካየሁ ታች ወርጄ አቀናዋለሁ፣ ተመልሼ ስወጣ ሽብሽቡም ጠባሳውም አብሮ ተቃንቶ ይጠብቀኛል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቸኩሎ ስድስት ላይ ይወጣና ቆዳ ሲጠበብ ይውላል፤ ሥር ያለው አጥንት ግን የማንም አይደለም። መልክ የሚሠራው ታች ነው። ይህን ለስንቱ ነግሬ ምላሴ ደርቋል።

የምኖረውም የምሠራውም አዳማ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። አብዛኛው ሥራዬ የመቃብር ሐውልት ነው። ፊቱን እኔ እቀርጻለሁ፤ አስፋልቱ ዳር ያለው ፋይበር ሠሪ በፕሪንተሩ ያትመዋል፣ በፋይበር ያወጣዋል፣ ነሐስ የሚመስል ቀለምም ይቀባዋል። ሟቾቹ በፎቶ ይመጡልኛል። አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም፣ ተስማምተን እንኖራለን።

ያከራዩኝ ሴትዮ ባላቸው የሞተባቸው፣ አርሲ ተወልደው አዳማ ያረጁ ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የክፍሌን በር በከዘራቸው ነካ አድርገው በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል፤ "ነጋ"፣ ሰላም ነው፣ ብዬ ቶሎ ካልመለስኩ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶ ስለነበር ለዓመታት ሰውን የሚለዩት በቁመናውና በአረማመዱ ነበር። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው። ዱከም ፋብሪካ በሚኒባስ ሲመላለስ ቆየና ሰልችቶት ዐረብ አገር ሄደ። በደወለ ቁጥር "ዓይንሽን ታከሚ፣ ስመጣ መልኬን እንድታዪው" ይላቸዋል። እሳቸው ግን ቢላ ፈርተው ዛሬ ነገ ሲሉ ከረሙ። በመጨረሻ እሺ አሉና የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ። በዋዜማው ደውሎላቸው እንደ ልጅ ተደስቶ ነበር፤ ሳቁ ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ግራ ዓይናቸው ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ወንድማቸው ወደ ክፍሌ መጣ። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ሲቆም በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ፊት ለፊት ጋሼ ብዬ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ቆሽቴን ስላሳረረው አንተ ይበቃዋል። በሩን ከኋላው ዘጋና "አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ" አለኝ። የእህቱ ልጅ ከሚሠራበት ሕንፃ ላይ ወድቆ ሞቷል። እዚያው ቀብረውታል።

ልጁ ግቢው ውስጥ አብሮኝ ዓመት ኖሯል፤ ጠዋት ቧንቧው ሥር ሲታጠብ እየዘፈነ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ለቅሶ መጣልኝና አጎትየው በመዳፉ አፌን አፈነው። ውጪ እማማ ዶሮዎቻቸውን ሲጠሩ ይሰማል።

"ሐኪሙ እንባ ከነካው ዓይኗ ይጠፋል ብሏል" አለ። ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያለው አትሹት፣ አታጎንብሱ፣ ከባድ አታንሱ ነው፤ ስለ እንባ ያለውን አልሰማሁም። ነገር ግን ደረቱን እየመታ፣ ፊቱን እየነጨ የሚያለቅስ ሰው ዓይኑን አያሽም ብዬ ማን ፊት ልከራከር?

ቀጥሎ የመጣበትን ተናገረ። "አስከሬን የለም። ሰው ባዶ ሜዳ ላይ እንዴት ያለቅሳል? ሐውልት ሥሪልን። መርዶ በተነገረ ቀን ድንኳን ውስጥ ይቆማል፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ሐውልቱ እስኪያልቅ ዓይኗም ይድናል፣ ያኔ እንነግራታለን።"

"እዚህ?" አልኩት። "እሳቸው በቀን አሥር ጊዜ በሚገቡበት ቤት?"

"ኮምፒውተርሽን ተሸክመሽ ሱቄ ና።"

"ኮምፒውተሬ ተሸካሚ አይወድም፣ ጋሼ። የእርስዎ ሱቅ ደግሞ ዘይትና አቧራ ነው።"

"እንግዲያው በር ዝጊ።"

"ዘግቼ አላውቅም። ከዘጋሁ ነው የሚጠረጥሩት።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጁን በዓይንሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው አያወጣውም" አለኝ። እዚህ ላይ ያዘኝ። ሌላ ሰው ሲሠራው ታየኝና እምቢ ማለት አቃተኝ።

ሦስት ፎቶ ሰጠኝ። አንዱ የፓስፖርት ነው፣ እንደ ችንካር ቀጥ ያለ። አንዱ ሶደሬ ገንዳው ዳር የተነሳው፣ ፀጉሩ ርሶ፣ አንገቱን እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ። ሦስተኛው በቅርቡ ከዚያ አገር የላከው፣ የሥራ ልብስ ለብሶ። በሦስተኛው ላይ ልጁን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ በፊት ያልነበረ ጠባሳ ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎታል። አጎትየው "የመጨረሻ መልኩ እሱ ነው፣ እሱን አድርጊው" ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ ነው የጀመርኩት። እጄ በፈጠነ ቁጥር መርዶው እንደሚቀርብ እያወቅሁ ነበር የምሠራው። አፍንጫውን ስጨርስ ለእማማ የቀረላቸው ጊዜ በአፍንጫ ያህል ያጥር ነበር። ሆን ብዬ ያንቀራፈፍኩባቸው ቀኖች አሉ። አጎትየው ግን በየቀኑ እየደወለ "የት ደረሰ?" ይለኛል።

ጠብታ የማደርግላቸውም እኔ ነበርኩ። በር ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ፤ እኔ በጣቴ ሽፋሽፍታቸውን ከፍቼ ጠብ አደርጋለሁ። የተረፈው በጉንጫቸው ሲወርድ "ያለቀስኩ መሰልኩ፣ አይደል?" ብለው ይስቃሉ። አንጀቴን ይበሉታል። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ የልጃቸውን ጉንጭ እቀርጻለሁ።

የእግራቸው ኮቴ ሲሰማኝ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዲት ቁልፍ ደጋግሜ መታ መታ አድርጌ ፊቱን ከስድስት ወደ አንድ ማውረድ። ጠባሳው ይጠፋል፣ ከንፈሩ ይጠፋል፣ ዓይኑ ይደፈናል፣ ግራጫ ድንች ብቻ ይቀራል። ስክሪኑን ለማጥፋት አልደፈርኩም፤ ምን እየደበቅሽ ነው ይሉኛል ብዬ። ድንቹን ግን ድሮም ያውቁታል። ሥራዬን ሲጠይቁኝ ስለ ደረጃው አስረድቻቸው በጣም አስቋቸው ነበር። "ዛሬም ድንችሽን እየላጥሽ ነው?" ይሉኛል ሲገቡ፣ ገረፍ አድርገው ያዩትና ወደ ወሬያቸው ያልፋሉ። ዘዴዬን እንደ ትልቅ ብልሃት ቆጠርኩት።

ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሳቸው በመንገዱ ሲያልፉ ወሬ ይቋረጣል። ጥቁር የለበሱ ዘመዶቻቸው በላዩ ቀለም ያለው ሻርፕ ጣል አድርገው ነበር የሚገቡት፣ ሲወጡ ከበር ውጪ ያወልቁታል። የእድሩ ድንኳን ብረቶች መጥተው በራችን ላይ ባለችው ባለሱቅ ጓሮ ተጋድመዋል፣ በላያቸው ላይ ደግሞ በርበሬ የሚሰጣ አስመስለው ጆንያ ዘርግተዋል። ባለሱቋ የወሎ ሙስሊም ናት፣ ስኳር ስገዛ እጄን ያዝ አድርጋ "ሰው መሳይ እየሠራሽ፣ በቂያማ ቀን ነፍስ ዝሪበት ትባያለሽ" ትለኛለች፤ ሁልጊዜ በቀልድ ነበር የምትለው። በዚያ ሰሞን ግን ስትለኝ አልሳቀችም። እኔም የስኳሩን መልስ ረስቼ ወጣሁ።

አንድ ቀን አጎትየው ስልኩን ይዞ መጣ። እማማ የልጃቸው ስልክ መጥፋቱ አሳስቧቸው ስለነበር "ኔትወርክ የሌለበት በረሃ አዛውረውት ነው፣ ይኸው ድምፁን ልኮልሻል" ብሎ ቴሌግራም ከፈተ። የልጁ ድምፅ ግቢውን ሞላው። "እማ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ዓይንሽን ታከሚልኝ፣ እሺ?" የድሮ መልእክት ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ታክሜ የለ እንዴ? በዋዜማው ነግሬው የለ?" አሉ።

"ረስቶት ይሆናል፣ እቴ" አለ ወንድማቸው። "በሥራ ብዛት።"

"ይሆናል" አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስልኩ ለብዙ ቀን አላነሱም። ዶሮዎቹን መጥራትም ትተው ሲጮሁባቸው ብቻ ጥሬ ይበትኑላቸው ጀመር።

ነፋሱ በበረታበት አንድ ከሰዓት ነው የሆነው። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ሲንጓጓ ኮቴ አይሰማም። ደግሞም እማማ ማየት ስለጀመሩ ከዘራቸውን ትተውት ነበር። ዞር ስል በሩ ላይ ናቸው። ቁልፏን መታ መታ አደረግሁ። ፊቱ ወረደ፤ በጊዜ ደርሻለሁ፣ ምንም አላዩም ብዬ አሰብኩ።

"ዛሬም ድንች ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

ገብተው ስክሪኑ ፊት ቆሙ። በዳነው ዓይናቸው አዩት፤ ያ ዓይን ያየው ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ እንደሆነ ከፊታቸው ታወቀኝ። ከዚያ ቀኝ መዳፋቸውን አንሥተው የዳነውን ዓይን ሸፈኑት። ሞራው ባልተነሳለት በግራ ዓይናቸው አዩት።

ያኔ ገባኝ። እሳቸው ልጃቸውን ለዓመታት ያዩት እንዲህ ነበር። ጠባሳ የለ፣ ሽብሽብ የለ፣ ከንፈር የለ፤ የጭንቅላቱ አጣጣል፣ የአገጩ ስፋት፣ የአንገቱ ዘንበል ማለት ብቻ። እኔ ደግሞ ላይ የሠራሁት ሁሉ ታች ድረስ ወርዶ እዚያ ተቀምጧል፤ መልክ የሚሠራው ታች ነው ብዬ ስመጻደቅ ከርሜ የለ? የደበቅሁት መስሎኝ እሳቸው በሚያውቁት ደረጃ ላይ አስቀምጬላቸው ነበር።

"ወደ ቀኝ ይጨመር" አሉ።

"ምኑ?"

"አንገቱ። ከዚህ በላይ ነው የሚያዘነብለው።"

እጃቸውን ከዓይናቸው ሳያወርዱ "እስቲ እንደምትይው ከፍ አድርጊው" አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ግን እምቢ የሚል አፍ አልነበረኝም። ሁለት። ሦስት። አፍንጫው መጣ። አራት፣ አምስት። እጃቸውን አወረዱና በዳነው ዓይናቸው ማየት ጀመሩ። ስድስት ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩ ትንሽ ቆመና ጠባሳው፣ የገባው ጉንጭ፣ የተሰነጣጠቀው ከንፈር በአንድ ጊዜ ወጡ።

ብዙ ጊዜ አዩት። ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ። "ይሄ ሰውዬ ማነው?" አሉኝ።

ለማስመሰል የጠየቁኝ አልነበረም። አላወቁትም። የዳነው ዓይን ያንን ፊት አይቶ አያውቅም።

"መልሺው" አሉ። መልሼ አወረድኩት። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ድንቹን አዩት። አላለቀሱም። እኔ ማልቀስ ስጀምር በእጃቸው ዝም በዪ አሉኝ፣ ሰው እንዳይሰማ።

"ወንድሜ መቼ ሊነግረኝ አለ?"

"እሑድ ሳምንት፣ ጠዋት። ቀን ቆርጠዋል።"

"እንግዲያው እስከ እሑድ አላወቅሁም" አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ለኔ ብሎ ተጨንቆ ያዘጋጀውን ሰው አላሳፍርም። ደግሞ መርዶ በሰው መሐል ነው የሚሰማው፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ። ብቻዬን ሰምቼ የት ልገባ?" ቀጥለው "ጠብታዬ ደርሷል" አሉ። ጠብታውን አደረግሁላቸው። በጉንጫቸው የወረደውን አልጠረጉትም። የዚያን ቀን አልሳቁም።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀኖች ከሁሉ የከፉ ነበሩ። ዘመድ አውቆ ደበቀ፣ እሳቸው አውቀው ደበቁ፣ እኔ መሐል ላይ ሁለቱንም ይዤ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ጠዋት ለሚጠይቋቸው ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ከልጄ ወሬ አለ ወይ?" ይላሉ፤ ሴቶቹ "ደህና ነው፣ ደህና ነው" ይላሉ። እማማም "ተመስገን" ይላሉ። ይህን የሚሉበት ድምፅ አስፈራኝ፤ በጣም ደህና ነበር። አንዳንዴ ሴቶቹ ከወጡ በኋላ በሩን ይዘው ይቆያሉ፣ እግራቸው ቤቱን የረሳ ይመስል። ሌሊት ያለቅሱ እንደሆነ ብዬ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ምንም አይሰማም። ባለቀሱ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ።

ከሰዓት ከሰዓት ክፍሌ ይመጡና ከድንቹ ፊት ይቀመጣሉ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ያርሙኛል። "ጉንጩን ሙሊው፣ አንድ ቀን ጦሙን አድሮ አያውቅም።" "ጆሮው ከዚህ ይሰፋል።" "ግንባሩ የአባቱ ነው፣ ወደ ኋላ ይሂድ።" እዚያ ተቀምጠው አንድም ቀን ስሙን አልጠሩም፤ ልጄም አላሉም። እኔ ደረጃ አንድ ላይ ጥቂቶቹን ነጥቦች እስባለሁ፣ እሳቸው "አሁን መጣ" ሲሉ እተወዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። ሲወጡ ወደ ስድስት ከፍ አድርጌ ሳየው የገባው ጉንጭ ሞልቷል፣ ጠባሳው ከግንባሩ ጋር አብሮ ሄዷል፣ ከፎቶዎቹ አንዱንም አይመስልም። ሕያው ነበር።

መርዶው ባለበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አጎትየው መጣ፣ እማማ ሐኪም ቤት በሄዱበት ሰዓት። አየውና ፊቱ ተለወጠ።

"ምን ሆኖ ነው? አንገቱን ሰው የመታው ይመስላል።"

"እንዲህ ነበር ጋሼ። ሶደሬ የተነሳውን ይዩት።"

"ሰው በሐውልት ቀና ይላል! እንደ ፓስፖርቱ አድርጊው። ጉንጩስ? የመጨረሻ ፎቶውን አልሰጠሁሽም?"

"እናቱ ቢያዩት..." ብዬ ከአፌ ላይ መለስኩት።

"እናቱ ዓይኗ የሚድነው ልታየው አይደል እንዴ? በደንብ ትየው። ሰውም ሲያይ ራሱ ነው ማለት አለበት።" ክፉ ሰው አይደለም። የእህቱን ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ ያሳደገ ሰው ነው። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው እሺ ያልኩት።

ፋይሉን ሁለት አደረግሁት። በአንደኛው የእማማን እንዳለ ተውኩት። በሁለተኛው አንገቱን አቀናሁ፣ ጉንጩን አጎደልኩ፣ ስድስት ላይ ወጥቼ ስንጥቁን፣ ጠባሳውን፣ ጺሙ የተላጨበትን ሻካራ ቆዳ ሁሉ ቀረጽኩ። ኮምፒውተሩ ከብዶት ቀጥ አለ፤ እንዲቀለው የታችኛዎቹን ደረጃዎች የሚሰርዘውን ተጫንኩ። ያንን ከተጫኑ መመለስ የለም። ፊቱ ስድስት ላይ ይቀራል፣ ከሥሩ የሚወርዱበት ነገር የለም። በፍላሽ ገልብጬ ለፋይበር ሠሪው ወሰድኩለት፤ አይቶት "እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ በሙያ ከተባለ ከሠራሁት ሁሉ የላቀው እሱ ነው።

እሑድ ገና ሲነጋጋ ባለሱቋ ቤት ተሰበሰብን። የንስሐ አባታቸው፣ ወንድማቸው፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ አሁን ሻርፑ የለም። በአንድ ላይ ወደ ግቢው ገባን። በራቸው አልተቆለፈም ነበር። እማማ አልጋቸው ላይ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ተቀምጠዋል። ቄሱ ከኢዮብ ጀምረው ዞር ዞር ብለው ሲናገሩ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው፣ አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱ ጮሁ።

ማስመሰል ያቅታቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ያ ጩኸት ማስመሰል አልነበረም፤ ቀን ቆጥሮ የታሰረ ነገር ነው የወጣው። ሴቶቹ ተረባርበው እጃቸውን ያዙ። "ዓይንሽን! ዓይንሽን!" ይላሉ። አጎትየው በጎኔ አልፎ ሲሄድ ትከሻዬን ጨበጠና "አደራሽን ጠበቅሽ፣ ምንም አላወቀችም" አለኝ።

ፀሐይ ሳትሞቅ ድንኳኑ ቆመ። ሐውልቱን በፒካፕ አምጥተው መሐል ላይ አቆሙትና ነጩን ጨርቅ ገለጡት። ሕዝቡ አንድ ጊዜ አወካ። "ራሱ ነው!" ይላሉ፣ "ይናገር እንጂ ምን ቀረው!" ይላሉ። ዱከም አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ጠባሳውን ሳያውቀው እንኳ እግሩ ሥር ተደፋ። ለቅሶው ድንኳኑን አናወጠው።

እማማን ደግፈው አመጧቸው። ሐውልቱ ፊት አቆሟቸው። በዳነው ዓይናቸው ከግንባሩ እስከ ደረቱ አዩት። ለቅሷቸው ቀስ እያለ ቆመ። ሁሉም ሰው ሲያለቅስ እሳቸው ዞረው በሕዝቡ መሐል እኔን ፈለጉ።

"ልጄን የት አደረግሽው?" አሉኝ።

ሰው ሐዘን አናወዛቸው ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ እጃቸውን ያዝኩና ከድንኳኑ አወጣኋቸው። አጎትየው "ወዴት ነው?" እያለ ተከተለን። ክፍሌን ከፈትኩ፣ ኮምፒውተሩን አበራሁ፣ እስኪነሣ ቆመን ጠበቅን። ፋይላቸውን ከፍቼ ደረጃ አንድ ላይ አወረድኩት። ያ ግራጫ ነገር አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ወጣ።

እማማ ስክሪኑ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡና ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠሩት። ሴቶቹ በሩ ላይ ተጨናንቀው ቆሙ። ምን እንደሚያዩ አላወቁም፤ አንዷ "ምንድን ነው?" ብላ ጓደኛዋን ስትጠይቅ ሰማሁ። ግን እማማ ደረታቸውን ሲመቱ አብረው አለቀሱ። አጎትየው እንደ ግድግዳ ቆሞ አንዴ ስክሪኑን አንዴ እህቱን ያያል።

ሁለቱም እጃቸው ዓይናቸው ላይ ነበር፣ ያሹታል። ጎንበስ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። "ዓይንዎን፣ እማማ" አልኳቸው።

"ተዪኝ" አሉ። "ለዚህኛው አያስፈልገኝም።"